በርበሬ እየቀመስኩ ከቃር ጋር የኖርኩባቸው ዓመታት

ሥራዬ በርበሬ ነው። ቡሬ ላይ ዛላውን ከገበሬ እገዛለሁ፤ አስቀንጥሼ፣ ከቅመሙ ጋር ደልዤ፣ አድርቄ አስፈጭቼ እሸጣለሁ። ሽሮም በሶም አዘጋጃለሁ፣ ደንበኛ የሚያመጣልኝ ግን በርበሬው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ እኛ አገር ብቅ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ግቢው ሁሉ በዛላ ቀልቶ ይከርማል፣ መንገደኛው እያስነጠሰ ያልፋል።

በርበሬ ሳይቀመስ አይገዛም። ዛላውን ለሁለት ሰብሬ፣ ፍሬውን አራግፌ፣ ቅርፊቱን በፊት ጥርሴ ነክሼ ምላሴ ላይ አቆየዋለሁ። ሠላሳ ጆንያ በሚገባበት ቀን ቅምሻው ሠላሳ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ሁለት ስኒ ቡና በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ፣ ከዚያ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እህል የሚባል አፌ አይገባም። ማታ ደግሞ ሒሳቡ አልቆ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ 3 ሰዓት ላይ ቀይ ወጤን በደንብ እበላና እዚያው ጋደም እላለሁ። አሁን ሳስበው ጨጓራዬ እስከ 39 ዓመቴ መታገሡ ራሱ ይገርመኛል።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት እየሳልኩ ነቃሁ። ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ ወጥቶ ትንፋሽ አሳጣኝ። ደረቴ መሐል ፍም የተቀመጠ ይመስላል። ባለቤቴ መብራት አብርቶ «ምን ሆንሽ? ልብሽ ነው?» እያለ ጀርባዬን ይመታል። እኔም ልቤ መስሎኝ ስለ ልጆቼ መናዘዝ ቀረኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ይመላለስብኝ ጀመር። ቀን ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር መጣ፤ ከእምብርቴ በላይ፣ ከጎድን አጥንቴ መገናኛ ሥር፣ ሆዴ ባዶ ሲሆን የሚነዝል ቁርጠት። እህል ስቀምስ ለጥቂት ጊዜ ይተወኛል፣ ከዚያ ይመለሳል።

«ጨጓራ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ዓመት ያደከመኝ ግን ይህችው አንዲት ቃል ነች። እኛ ዘንድ ቃሩም፣ ቁስለቱም፣ ንፋቱም፣ ማቅለሽለሹም ሁሉም «ጨጓራ» ነው። ስለዚህ አንዷን ያዳናት ነገር ለሌላዋ ይታዘዛል።

ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነልኝ። አንዷ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ አመጣች። ጠጥቼው ወለሉ ላይ ተጋደምኩ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ማለት አልቻልኩም። እሷ ግን «እየሠራ ነው፣ በሽታውን እየነቀለው ነው» ትለኛለች። ነጭ ሽንኩርት በማር በባዶ ሆድ ለአንድ ሳምንት ሞከርኩ፣ ቁርጠቱ ባሰ። ዝንጅብሉ ማቅለሽለሹን ትንሽ አስታግሶልኛል፣ ነገር ግን ወፈር አድርጌ ሳፈላው ቃሩን ይቀሰቅሰዋል። አንድ ዘመዴ «አንዲት መለኪያ አረቄ ጠዋት ጠዋት ትጠርገዋለች» ብሎኛል። እሱን እንኳ አልሰማሁትም፤ አረቄ ቆዳ ላይ ያረፈ ቁስልን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ሲያስገሳኝ የተሻለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግሳቱ ራሱ አሲዱን ይዞት ይወጣል።

ወተት ሌላው አታላይ ነው። ሲጠጣ ያበርዳል፣ ቆየት ብሎ ግን ጨጓራ ወተቱን ለመፍጨት ብሎ አሲዱን ይጨምራል። እኔ ለቃሬ ብዬ የገዛሁትን ወተት ብደምረው ጥሩ በግ ይወጣው ነበር።

እሬትም ቀምሻለሁ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ በኃይል የሚያስቀምጥ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ያ ቀን እንዴት እንዳለፈ አልጽፈውም።

እንዲህ ሆኜ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ የሄድኩት ባለቤቴ ተቆጥቶ ነው። ያየኝ ልጅ ከታላቁ ልጄ ብዙም አይበልጥም። አክብሮ «እናቴ፣ ለሌላ ሕመም የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለኝ። በ40 ዓመቴ እናቴ መባሌ ከቃሩ ባልተናነሰ አቃጠለኝ። ግን ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጆንያ ሳነሳ ወገቤን ስለሚይዘኝ በበርበሬ ወቅት ዳይክሎፌናክ በየቀኑ እውጥ ነበር። አንዳንዴ በቀን ሁለት፣ አንዳንዴም በባዶ ሆድ። ልጁ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ አስረዳኝ። የጨጓራ ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ልባጭ ነገር አለው። ይህ ዓይነቱ የሕመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም ጭምር፣ ያ ልባጭ እንዲሠራ የሚያዘውን ነገር ያዳክመዋል። ወገቤን ሳክም ጨጓራዬን እየላጥኩት ኖሬአለሁ። ለወገቤ በፓራሲታሞል ቀየረልኝና ሰገራ አስመረመረኝ።

ውጤቱ ኤች ፓይሎሪ አለ የሚል ሆነ። ባክቴሪያ ነው፣ አሲድ ውስጥ ይኖራል። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ታዘዘልኝ፤ ሁለቱ አንቲባዮቲክ፣ አንዱ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል። በስድስተኛው ቀን ቁርጠቱ ጥፍት አለ። እኔም መድኃኒቱን አቆምኩ። የቀረውን ፍሬ እንዲያውም ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ እሷም «ጨጓራ» አለባት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማፍርበት ይህ ነው። በአራተኛው ወር ሕመሙ ተመለሰ፣ ስመረመር ባክቴሪያው አለ። በዚህኛው ዙር ሐኪሙ መድኃኒቶቹን ለወጣቸው፤ አንደኛው ሜትሮኒዳዞል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንቲም የጎረስኩ እየመሰለኝ ከረምኩ። ጠላም አረቄም እንዳልቀምስ አስጠንቅቀውኝ በሰርግ ወቅት ውሃዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን ግን ጨረስኩት። ከጨረስኩ ከወር በላይ ቆይቼ፣ ኦሜፕራዞሉንም ቀድሜ ለሁለት ሳምንት አቁሜ፣ ድጋሚ ሰገራ ተመረመርኩ። መጥፋቱ ተረጋገጠ። የደም ምርመራውን ለዚህ አትጠቀሙበት፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል።

ልጄ ይህን ባክቴሪያ ያገኙት ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸውን አንብቦ ነገረኝ። ማርሻል ሰው አላምን ሲለው በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ታመመ። እኔ ፌጦ ስጠጣ እብድ ነሽ ያሉኝ ይህን ይስሙልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባክቴሪያው ጠፋ፣ ዳይክሎፌናኩም ቆመ። የባዶ ሆድ ቁርጠቱ ተመልሶ አልመጣም። ቃሩ ግን እንዳለ ነበር። ሌሊት ጎምዛዛው ውሃ ይወጣል፣ ጎንበስ ብዬ በሰፌድ ሳበጥር ደረቴን ይፈጀኛል። ተናድጄ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ያኔ ነው ሁለት በሽታ እንደነበረብኝ የገባኝ። በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ ከረጢት አፍ የሚታሰር ጡንቻ አለ። ያ ጡንቻ ሲላላ፣ ወይም ሆድ ከታች ሲጨመቅ፣ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። አንቲባዮቲክ ለዚህ ምንም አይፈይድም። ለዚህኛው የሚሠራው አበላልና አተኛኘት ነው፣ ቅጠላ ቅጠሉም ቢሆን በትክክለኛ ቦታው ሲገባ ነው።

ሆድን ከሚጨምቁት ነገሮች መጀመሪያ የተያዘው መቀነቴ ነው። ጆንያ ሳነሳ ወገቤን ይደግፈኛል ብዬ ከጎድኔ ሥር ጥብቅ አድርጌ ሁለት ዙር እጠመጥመዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከላዬ አይወርድም። እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ አያቴም። ሐኪሙ በእጁ እያሳየኝ «ይህ እኮ ጨጓራዎን እንደ ጡት አልቦታል» አለኝ። ዝቅ አድርጌ፣ ወደ ዳሌዬ አውርጄ፣ ላላ አድርጌ መታጠቅ ጀመርኩ። ጎንበስ ስል የሚመጣው ቃር በሳምንቱ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። አንድ ሳንቲም ያላወጣሁበት ሕክምና ቢኖር ይህ ነው።

ሁለተኛው እራቴ ነው። 3 ሰዓት የነበረውን ወደ 12 ሰዓት ተኩል አመጣሁት። የምተኛው 4 ሰዓት ካለፈ ነው፤ ከእራት እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ይህን ማስለመድ ከሁሉ ከባዱ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ የሚገባው ዘግይቶ ስለሆነ ብቻዬን መብላት ነውር መሰለኝ። በኋላ እሱ ሲበላ አጠገቡ ሻይ ይዤ መቀመጥ ለመድኩ።

ሦስተኛው አልጋችን ነው። ትራስ መደራረብ አይጠቅምም፣ ሆድን አጥፎ ጭራሽ ይጨምቀዋል። ከፍ ማለት ያለበት የአልጋው ራስጌ ነው። ከራስጌው እግሮች ሥር ጡብ አስገባን፣ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ባለቤቴ ወደ ግርጌ እየተንሸራተተ እግሩ ከአልጋ እየወጣ ሲያማርር አደረ። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል፤ በቀኝ ስተኛ ቃሩ ቶሎ ይመጣብኛል።

ከምግቡ ብዙ አልከለከልኩም። በርበሬ ለሁሉም ሰው ጠላት ነው የሚሉትን አልቀበልም፣ ቁስለትንም እሱ አያመጣም፤ የተቆጣ ጨጓራ ላይ ግን ያቃጥላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር አልጫና የድንች ቅቅል በላሁ። የድንች ችግር እኛ ጋ የለም። እንጀራውን ሊጡ ብዙ ሳይኮመጥጥ አፍለኛ ማስጋገር ጀመርኩ፣ ዘይትም ቀነስኩ፤ ቅባት የበዛበት ወጥ ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ ቃርን ያስረዝማል። ቅምሻውን ለእህቴ ልጅ አስተማርኳት። እኔ የግድ መቅመስ ካለብኝ መጀመሪያ ቁራሽ የገብስ ቂጣ እበላለሁ፣ ቀምሼም እተፋዋለሁ።

ቡናን መተው አልቻልኩም፣ አልዋሻችሁም። ያገኘሁት ዘዴ አቦሉንና ቶናውን አሳልፎ በረካውን ብቻ መጠጣት ነው። ቀጭን ነው፣ ያውም ከምሳ በኋላ። ጎረቤቶቼ «ለበረካ ብላ የምትጠብቅ» ብለው ስም አውጥተውልኛል።

ተልባው የመጣው ከእናቴ ነው። የወገቤን ሕመም ሰምታ ከገጠር ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሌሊት ስስል ሰማችኝ። ጠዋት ዘንቢሏን ፈታች። እኛ ተልባን የምናውቀው ቆልተን ፈጭተን በውሃ በጥብጠን በጾም ስንጠጣው ነው። ያም ለድርቀት ጥሩ ነው። እሷ ግን ሳይፈጭ ነው የቀቀለችው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ተልባ ታጥቦ፣ በሦስት ብርጭቆ ውሃ፣ በዝግታ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል። ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ይወርዳል። ወዲያው በትኩሱ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ እንደ ንፍጥ እየተጎተተ ከወንፊቱ አልወርድ ይላል። የመጀመሪያ ቀን ስልክ ላይ ቆይቼ አቀዘቀዝኩትና በእናቴ ነጠላ ጠርዝ ጨምቄ ነው ያወጣሁት። እሷም ስለ ነጠላዋ ዛሬም ታነሳብኛለች።

ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለውን ማታ ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቼ እጠጣለሁ። ጣዕም የለውም፤ ጉሮሮን ልስልስ አድርጎ ይወርዳል። አሲዱን አያጠፋውም፣ የተቆጣውን ይሸፍነዋል፤ ለእኔ ሌሊቱን ያሳለፈኝ ይህ ነው። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። ልጋጉ መድኃኒትንም ስለሚሸፍን ከመድኃኒት ጋር አብራችሁ አትውሰዱት፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቅ። ፍሬውን ደግሞ ያለ በቂ ውሃ አትብሉት፣ አብጦ ይይዛችኋል።

አብሽም እንዲሁ ይዝለገለጋል። ሌሊቱን ዘፍዝፌ፣ መራራውን ውሃ ደጋግሜ ደፍቼ፣ ስመታው አረፋ ያወጣል። ሠርቶልኛል። የተውኩት ላቤ ሁሉ አብሽ አብሽ ስለሸተተ ነው፤ ደንበኛ በርበሬዬ ውስጥ አብሽ የጨመርኩ መስሎት ጠየቀኝ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አብሽ ስኳርን ስለሚያወርድ ሐኪሙን ሳያማክር አያብዛው። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ።

ከኦሜፕራዞል ጋር ስለነበረኝ ነገርም ልጨምር። ለቃሩ ታዝዞልኝ አራት ወር ወሰድኩት። ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው የሚዋጠው። ከቁርስ በኋላ ስወስደው ብዙም አልረዳኝም ነበር። ተልባው ሲስማማኝ «እንግዲህ መድኃኒት በቃኝ» ብዬ በአንድ ቀን ወረወርኩት። ሦስት ቀን ሳይሞላ እንደ መጀመሪያው ሌሊት ነደድኩ። ሳልድን ቀርቼ አልነበረም፤ ለወራት ታፍኖ የቆየ አሲድ ድንገት ሲለቀቅ ለጊዜው ከልኩ በላይ ይመረታል። በሐኪም ምክር ቀስ እያልኩ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ፣ በስድስት ሳምንት ተላቀቅኩት።

ጾሙ አስጨንቆኝ ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እኔ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ነበር የምጾመው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሕመሜን አንድ በአንድ ጠየቁኝና «ጥሉላቱን ጹሚ፣ ሰዓቱን ግን ለእኔ ተይው፤ ጠዋት መድኃኒትሽን ዋጪ፣ እህልም ቅመሺ» አሉኝ። ስጠይቃቸው እንዴት እንዳፈርኩ! እሳቸው ግን በዚያው ሳምንት ስለ ጨጓራ ሲጠይቃቸው አራተኛዋ ሰው መሆኔን ሲነግሩኝ ሳቅሁ። የራሳችሁን አባት ጠይቁ፣ የእኔን ፈቃድ ለራሳችሁ አትውሰዱ።

ያን ጾም በሰላም ጨርሼ ፋሲካ ላይ ወደቅኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ ጠላውን አንድ ላይ። በልቼ ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ጡቡ ላይ ያለው አልጋም አላዳነኝም፣ ቁጭ ብዬ ነጋ። ከዚያ ወዲህ ፋሲካን በትንሽ አጃ ገንፎ እፈታለሁ፣ ዶሮው ለምሳ ይደርሳል።

ሐኪሙ ለእነዚህ ግን ተልባ አፍልተሽ እንዳትቀመጪ ያለኝን ልጻፈው፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ሳያስቡት መክሳት። ማቃጠሉ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደና ላብ ካስከተለ ደግሞ በእርግጥም ልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሌሊት መሄድ ነው። አንድ ደንበኛዬ ጥቁር ሰገራውን የበላው ጎመን ነው ሲል ሰንብቶ ደም እስኪሰጠው ደርሷል።

ዛሬ ቃሩ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ ምክንያቱንም አብዛኛውን ጊዜ አውቀዋለሁ። ባለፈው ኅዳር አርባ ጆንያ ገዛሁ፣ የእህቴ ልጅ ቀመሰች፣ እኔ በአፍንጫዬ እያሸተትኩ ዋጋ ተከራከርኩ። አልጋው ግን እስከ ዛሬ እንደተጋደለ ነው። በቀደም ለጥየቃ የመጣች አክስቴ መኝታ ቤቱን አየችና «ምነው ልጄ፣ ግርጌው ተሰበረ? አናጢ እንኳ አጣችሁ?» ብላ ለባለቤቴ የአናጢ ስልክ ሰጠችው። እሱም ወረቀቱን ተቀብሎ አመስግኖ ኪሱ ከተተው።